«ውሻ ብርድ ይችላል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የሰነበተና ብዙ ድጋፍ ያገኘ አንድ ጽሑፍ፣ በቅዝቃዜ ወቅት ከቤት ውጭ ለሚያድሩ ውሾች የሚሰማው ሥጋት መሠረት የለውም ይላል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የቀረበ ነው፤ ጸሐፊውም ውሻ የሚጠሉ ሰው እንዳልሆኑ ከአገላለጻቸው ያስታውቃሉ። እንዲያውም ውሻን ማክበር ማለት ተፈጥሮ በሰጠው ጉልበት መተማመን ነው ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው። በጭካኔ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ራሱ ባልተቀበለው ነበር፤ ይህ ጽሑፍ ግን ውሻውን የሚወድ ሰው እንኳ ከቤቱ ሆኖ ያለ ሐሳብ እንዲተኛ፣ ውሻው ደግሞ በደጅ እንዲንቀጠቀጥ የሚያደርግ ነው።

የጸሐፊውን ክርክር ሳላዛባ ላስቀምጥ። ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነና ተኩላም በበረዶ ላይ ስለሚያድር፣ ፀጉሩ በቂ ልብሱ ነው ይላሉ። ለዚህም በዋልታ አካባቢ የበረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱትን ውሾች በማስረጃነት ያቀርባሉ። ቀጥለው፣ ብርድ የጎዳው ውሻ መጮኹና ማልቀሱ ስለማይቀር ዝም ያለ ውሻ ደህና ነው፣ መንቀጥቀጡም ሰውነቱ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው ይላሉ። አነስተኛ የውሻ ቤትና አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ ውሻን ወደ ቤት ማስገባት ፀጉሩን ያሳሳል፣ ሙቀትና ብርድ ማፈራረቁ ያሳምመዋል፣ ጠባቂነቱንም ያጠፋል የሚሉም ነጥቦች አሏቸው። በመጨረሻም ነገሩ ሁሉ ውሻን እንደ ልጅ የሚያይ የዘመኑ ቅንጦት ነው፣ ባለቤቱ በገዛ ውሻው ላይ ሌላ ሰው ሊያዝዘው አይገባም ብለው ይደመድማሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ከተኩላው ልጀምር። ውሻና ተኩላ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸው፣ የብርድ ወራት ፀጉሩን ያበቀለ ተኩላም እጅግ ከባድ ቅዝቃዜ መቋቋሙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ተኩላ ብርዱን የሚያልፈው በፀጉሩ ብቻ አይደለም። ነፋሱ ሲበረታ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ወደሚከልለው ቦታ ይሄዳል፤ የሚተኛበትን መሬት ራሱ ይመርጣል፣ ካልተስማማው ይቀይራል፤ ሲተኛ ተጠቅልሎ አፍንጫውን በጭራው ይሸፍናል፤ ሲቀዘቅዘው ተነሥቶ ይንቀሳቀሳል፤ ሲያድንም ሥጋና ስቡን እስኪበቃው ይበላል። ማለትም በየሰዓቱ የሚወስናቸው ብዙ ነገሮች አሉት። በሁለት ሜትር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ከእነዚህ ሁሉ የቀረለት መጠቅለል ብቻ ነው። ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ያችው ቦታ ናት፤ ዝናቡ መሬቱን ቢያርሰውም የሚተኛው እዚያው ላይ ነው። ጸሐፊው የተኩላውን ፀጉር ለውሻው ሲያወርሱት የተኩላውን ነፃነት ግን አላወረሱትም፤ እኔ ከእርሳቸው የምለይበት ዋናው ነጥብም ይህ ነው። ውሻው ራሱን ከብርድ የሚያድንበትን መንገድ ሁሉ የዘጋው በሰንሰለቱና በአጥሩ ባለቤቱ ስለሆነ፣ የተዘጋውን መተካትም የባለቤቱ ግዴታ ይሆናል።

በዚያ ላይ ተኩላው ራሱ ብርድን በምቾት ያልፋል የሚለው ግምት ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል። በዱር ከሚወለዱት የተኩላ ግልገሎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን አይጨርሱም። በብርድ ወራት ቆመው የምናያቸው ተኩላዎች የተረፉት ናቸው። ከተረፉት ተነሥቶ «ተፈጥሮ ይበቃዋል» ማለት የሞቱትን ከቁጥር ማውጣት ነው። በቤቱ አንድ ወይም ሁለት ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ከብዙ ግልገሎች ጥቂቱ መትረፉ ሊያጽናናው አይችልም።

ከዚህም አልፎ «ውሻ» ብሎ በጅምላ መናገር ራሱ ያሳስታል። ከሁለትና ከሦስት ኪሎ የማይበልጥ ቺዋዋም፣ ከ60 ኪሎ በላይ የሚመዝን ማስቲፍም ሁለቱም ውሾች ናቸው። ትንሽ አካል ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የተጋለጠው ገላው ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። የፀጉሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሃስኪና ማላሙት የተባሉት የብርድ አገር ዝርያዎች ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር አላቸው፤ አየርን ይዞ የሚያሞቃቸው ይህ የሥሩ ፀጉር ነው። ቦክሰር፣ ዶበርማንና ግሬይሃውንድ የተባሉት ዝርያዎች ግን የሥሩ ፀጉራቸው እጅግ የሳሳ ነው ወይም ጨርሶ የለም፤ ግሬይሃውንድ በተለይ ከቆዳው ሥር ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ሾላንደር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በዋልታና በሞቃት አገሮች እንስሳት ላይ አድርገው በ1950 ያሳተሙት ታዋቂ ጥናት፣ የዋልታ ቀበሮ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት እንደማያወጣ፣ የሞቃት አገር እንስሳት ግን አየሩ ገና ጥቂት ሲቀዘቅዝ ጉልበት ማውጣት እንደሚጀምሩ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ትናንሽ እንስሳት ረጅም ፀጉር ሊሸከሙ ስለማይችሉ የፀጉራቸው መከላከያነት ዝቅተኛ መሆኑም ታይቷል። አጭር ፀጉር ያለው የቤት ውሻ ያለ ተጨማሪ ጉልበት ሙቀቱን የሚጠብቀው አየሩ በግምት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይወርድ ነው። ከዚያ በታች ወዲያው አደጋ ይደርስበታል ማለት አይደለም፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ ግን ምግቡንና ስቡን ማቃጠል ይጀምራል። ከሲታው፣ ያረጀው ወይም በቂ ምግብ የማያገኘው ውሻ ደግሞ የሚያቃጥለው ነገር ቶሎ ያልቅበታል።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው የውሻ መዳፍ በበረዶ ላይ ቆሞ እንደማይጎዳ የሚያስረዳ የጃፓን ጥናት ይጠቅሳሉ። ጥናቱ አለ፤ በኒኖሚያና በባልደረቦቹ ተሠርቶ በ2011 የወጣ ነው። በውሻ እግር ውስጥ ወደ መዳፉ የሚወርደው ሞቃት ደም ወደ ላይ ለሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ሙቀቱን እያካፈለ የሚያልፍ መሆኑን ያሳያል፤ በዚህም ቀዝቃዛው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት ይሞቃል። ድንቅ ተፈጥሮ ነው፤ ይህንንም ነጥብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ጥናቱ የሚናገረው ስለ መዳፍ ነው። ስለ ጆሮ ጫፍ፣ ስለ ጭራ ጫፍ፣ ፀጉር ስለሌለው የሆድና የብሽሽት ቆዳ የሚለው የለም። ብርድ ሥጋን የሚገድለው ደግሞ በብዛት በእነዚህ ቦታዎች ነው። ሰውነት ዋና ዋና የውስጥ አካላቱን ለማዳን ሲል ከዳር ደሙን ይሰበስባል፤ ደም ያጣው ጫፍ ይነጣል ወይም ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ ጉዳቱም ሙሉ በሙሉ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ቆዳው ሲጠቁርና ሲረግፍ ነው። በማለዳ ውሻውን አይቶ «ምንም አልሆነም» ያለ ባለቤት በሳምንቱ የጆሮው ጫፍ ሲቆረስ ሊያይ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ክርክር ስመጣ፣ ጋሪ የሚጎትቱት ውሾች ታሪክ ለጸሐፊው ያገለግላቸዋል ብዬ አላምንም፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት በተቃራኒው ይመሰክራል። በ1925 በአላስካ ኖም በምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ የተባለ ገዳይ የጉሮሮ በሽታ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ መድኃኒቱ 20 በሚሆኑ ጋሪ ነጂዎችና 150 ገደማ በሚሆኑ ውሾች ቅብብል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ደርሷል። ጸሐፊው ይህን ጉዞ የውሻ ጥንካሬ ማረጋገጫ አድርገው ያወሱታል፤ ጥንካሬውን እኔም አደንቃለሁ። ሳይወሳ የቀረው ግን ከነጂዎቹ አንዱ የሆነው የቻርሊ ኢቫንስ ነገር ነው። ኢቫንስ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ በነበረ ብርድ ሲጓዝ፣ የውሾቹን ስስ ብሽሽት የሚሸፍንበትን የጥንቸል ቆዳ ሳይዝ ነበር የወጣው። ሁለቱ መሪ ውሾቹ በብርድ ተመትተው ወደቁ፤ እርሱም በእነርሱ ቦታ ገብቶ ጋሪውን እየጎተተ ደረሰ። ውሾቹ አልተረፉም። እነዚህ ብርዱን የለመዱና እየሮጡ ሙቀት የሚያመነጩ ውሾች ነበሩ፤ በሕይወትና በሞት መካከል የቆመው አንድ ቁራጭ ቆዳ ነበር።

ኖርዌያዊው አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን ወደ ደቡብ ዋልታ ያደረገው ጉዞም ከዚህ የተለየ አይደለም። በግሪንላንድ ውሾች ተማምኖ መስከረም 8 ቀን 1911 ተነሣ፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ሰዎቹም ውሾቹም ስላልቻሉት ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። እንደገና የተነሣው አየሩ እስኪለዝብ ጠብቆ በጥቅምት ነው፤ ታኅሣሥ 14 ቀንም ከዋልታው ደረሰ። የዋልታ ውሾችን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው «ውሻ ስለሆኑ ይችላሉ» ብሎ አልቀጠለም፤ ምልክቱን አይቶ ተመለሰ። ዛሬም ቢሆን በአላስካ በሚካሄደው ኢዲታሮድ በተባለ የውሻ ጋሪ ውድድር ውሾቹ የእግር መሸፈኛ ይደረግላቸዋል፣ በየማረፊያው የሚተኙበት ጭድ ይነጠፍላቸዋል፣ የእንስሳት ሐኪሞች ይመረምሯቸዋል፣ ግዴታ የሆነ የእረፍት ሰዓትም አላቸው። እንዲህ ያለ ውሻ በውድድር ቀን ወደ 10,000 ካሎሪ ይመገባል። ጸሐፊው ይህን ንጽጽር ከወደዱት ሙሉውን ይውሰዱት፤ ጭዱን፣ ምግቡን፣ ሐኪሙንና እረፍቱን ትቶ ብርዱን ብቻ ለጓሮ ውሻ መስጠት ፍትሐዊ ንጽጽር አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስለ ዝምታውና ስለ መንቀጥቀጡ የተባለው ነው፤ ምክንያቱም ይህን ያመነ ባለቤት አደጋው ሲቀርብ «አሁን ተሻለው» ብሎ ሊሄድ ይችላል። የጤናማ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርድ ሲያይል ውሻው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ጡንቻዎቹ ሙቀት እንዲያመነጩ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ወደ 32 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲደርስ ግን መንቀጥቀጡ ይደክማል፣ ቀጥሎም ይጠፋል። ውሻው ይፈዝዛል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ የልብ ምቱና አተነፋፈሱ ይቀንሳል፣ ድዱ ይገረጣል፣ ቢጠሩት አይሰማም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ይህ ሁሉ የተረጋጋ እንቅልፍ ይመስላል። ስለዚህ መንቀጥቀጥ መልካም ምልክት የሚሆነው ገና ለመርዳት ጊዜ መኖሩን ስለሚያሳይ ብቻ ነው። ብርዱ ሳይቀንስ መንቀጥቀጡ ከቆመ አስቸኳይ ነገር ነው።

የውሻ ዝምታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በእርግጥ ብዙ ውሾች ሲበርዳቸው ያላዝናሉ፣ በር ይቧጭራሉ፣ እግራቸውን እያፈራረቁ ያነሣሉ፣ ጀርባቸውን ያጎብጣሉ። ሆኖም ለወራት በር ቧጭሮ ያልተከፈተለት ውሻ መቧጨሩን ይተዋል። ሴሊግማንና ማየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1967 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሊያመልጡት በማይችሉት ሁኔታ የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ዘልለው ማምለጥ ወደሚችሉበት ቦታ ሲወሰዱ አብዛኞቹ ለማምለጥ እንኳ ሳይሞክሩ ሥቃዩን ተቀብለው ቀሩ። ሙከራው ጨካኝ ነበር፤ ያስተማረው ነገር ግን እዚህ በቀጥታ ይሠራል። ጥረቱ ምንም እንደማይለውጥ የተማረ ውሻ ጥረቱን ይተዋል፤ መተዉም ሥቃዩ ስለቀረለት አይደለም። «የእኔ ውሻ አንድ ቀን እንኳ አልቅሶ አያውቅም» የሚል ሰው፣ ያለቀሰ ዕለት ምን እንዳገኘ ራሱን ቢጠይቅ መልሱን ያገኘዋል።

ጸሐፊው ብርድን የሚለኩት በበረዶ መሆኑም ሌላው ስሕተት ነው። «በረዶ በማይጥልበት ቦታ ይህ ወሬ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። ውሻን የሚያሞቀው በፀጉሩ መካከል የተያዘው አየር ነው። ፀጉሩ በዝናብ ሲርስ ያ አየር ይወጣና ውኃ ይተካዋል፤ ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በበለጠ ፍጥነት ያስተላልፋል። ነፋስ ሲጨመርበት የቀረችውንም ሙቀት ጠርጎ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ዜሮ ዲግሪ በሆነ ደረቅና ጸጥ ያለ ሌሊት በደህና የሚያድር ውሻ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዲግሪ በሆነ ዝናባማና ነፋሻማ ሌሊት ሊጎዳ ይችላል። ቡችላዎችን በተመለከተ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የተወለዱ ሰሞን መንቀጥቀጥ እንኳ ስለማይችሉና ሙቀታቸውን በራሳቸው ለመጠበቅ ሳምንታት ስለሚፈጅባቸው፣ እናታቸው ጥቂት ራቅ ብላ ከቆየች ያለ አንዳች በረዶ በብርድ ይሞታሉ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሽማግሌ ውሻ፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመምተኛ፣ ከቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ ያለ፣ ፀጉሩን በቅርቡ የተላጨ ውሻም ሁሉ ከዚህ መዝገብ ይገባሉ።

የውሻ ቤትን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እንስማማለን፤ በደንብ የተሠራ የውሻ ቤት ብዙ ውሾችን አድኗል። ችግሩ «አንድ አነስተኛ ቤትና አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ» ብሎ ማለፉ ነው። ብርድ ልብስና ምንጣፍ እርጥበት ይመጥጣሉ፤ ውሻው ረጥቦ ሲገባ፣ ወይም በትንፋሹ እርጥበት ብቻ፣ ይረጥቡና ሌሊቱን ሙሉ ከሥሩ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘው ያድራሉ፤ ብርዱ ከጠነከረም እርጥበታቸው ወደ በረዶ ይለወጣል። ደረቅ ጭድ ግን እርጥበትን ቶሎ አይይዝም፣ ውሻውም ቆፍሮ ራሱን ይቀብርበታል። ጭዱ ወፍራም ሆኖ መነጠፍ፣ ሲረጥብም ወዲያው መቀየር አለበት። ወለሉ ከመሬት ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፤ ከሥሩ ባዶ መሬት የነካ ወለል የውሻውን ሙቀት ወደ መሬት ያፈሳል። በሩ ጠባብ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ የዞረ፣ መጋረጃም ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ስፋቱ ብዙ ባለቤቶች በቅንነት ይሳሳታሉ። ለውሻዬ ሰፊ ቤት ልሥራለት ይላሉ፤ ሰፊ ቤት ግን ለብርድ አይሆንም፤ የሚያሞቀው ምድጃ ውሻው ራሱ ነውና። የጀርመን የውሻ አያያዝ ደንብ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፤ በውጭ የሚያድር ውሻ ሙቀት የማያስተላልፍ ግድግዳ ያለው፣ ደረቅ፣ ካልተሞቀም ውሻው በገዛ የሰውነቱ ሙቀት ሊያሞቀው የሚችለው ስፋት ያለው መጠለያ እንዲኖረው ያዝዛል። ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃ፣ ከዚያ ብዙም ያላለፈ ማለት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብም በሥሩ ለሚተዳደሩ ውሻ አርቢዎችና የምርምር ተቋማት፣ የነፋስና የዝናብ መከላከያ ያለው መጠለያ ያስገድዳል፤ አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ንጹሕና ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ከ1.7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጉዝጓዝ እንዲደረግ ያዝዛል። የብረት በርሜልን በመጠለያነት መጠቀምን ጭራሽ ይከለክላል። ብርዱን ያልለመዱ ውሾች፣ ዝርያቸው ብርድ የማይችል፣ የታመሙ፣ ያረጁና ቡችላ የሆኑ ያለ ሐኪም ፈቃድ በውጭ እንዳይቀመጡም ይደነግጋል። ይህ ውሻን ለንግድ ለሚያረባ ድርጅት የተቀመጠ ዝቅተኛው ልክ ነው። በስሙ የሚጠራውን ውሻ የሚያሳድር ሰው ከዚህ ማነስ የለበትም።

ስለ ውኃ ጸሐፊው አንድም ቃል አላነሡም። በውርጭ ሌሊት በሳሕን ያለው ውኃ ይረጋል፤ የተጠማ ውሻ በረዶ ቢልስ ያንን ለማቅለጥ የሰውነቱን ሙቀት ያወጣል። ውኃውን በቀን ብዙ ጊዜ መቀየርና ከብረት ይልቅ የፕላስቲክ ሳሕን መጠቀም ምንም ወጪ የለበትም።

ወደ ቤት ማስገባት ውሻን ያደክማል ለሚለው፣ እውነት ያለበትን ክፍል መለየት ያስፈልጋል። የውሻ ፀጉር ከቀን ብርሃን ርዝመትና ከአየሩ ሙቀት ጋር እየተያያዘ ይወፍራል፣ ይሳሳል፤ ዓመቱን ሙሉ በሞቀ ቤት የሚኖር ውሻም የሥሩ ፀጉሩ ቀለል ያለ ይሆናል። ይህን የሚክድ የለም። ከዚህ የሚከተለው ግን ቤት የለመደን ውሻ ብርዱ ከገባ በኋላ በድንገት ወደ ውጭ ማውጣት አደገኛ መሆኑ ነው፤ በውጭ የሚያድርም ከሆነ አየሩ ገና ሳይቀዘቅዝ ለሳምንታት ቀስ በቀስ መልመድ አለበት። ልማድ ደግሞ ያለውን ፀጉር ያወፍራል እንጂ የሌለውን አያበቅልም። ዶበርማን አሥር ዓመት በውጭ ቢያድር የሃስኪ ፀጉር አያወጣም። ሙቀትና ብርድ ማፈራረቁ በሽታ ያመጣል የሚለውም ልክ አይደለም፤ የውሻ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች የሚመጡት በቫይረስና በባክቴሪያ ስለሆነ የሚከላከላቸው ክትባት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለመጠበቅ ሲታገል ያደረ ሰውነት ግን በሽታን የሚታገልበት አቅም ያንሰዋል።

የጥበቃውን ጉዳይ አቅልዬ አላየውም፤ ብዙ ሰው ውሻ የሚያሳድረው ለቤቱ ደኅንነት ነው፤ ይህም ተገቢ ምክንያት ነው። ነገር ግን ውሻ የሚጠብቀው በዋናነት በጆሮውና በአፍንጫው ነው። ከበሩ ጀርባ፣ በኮሪደር፣ በረንዳ ላይ ባለ የተከለለ ጥግ ወይም በዕቃ ቤት የተኛ ውሻ የአጥሩን ኮሽታ ይሰማል፣ ይጮኻል፣ ቤተሰቡንም ያነቃል። ብርድ ጡንቻውን ያደነዘዘውና ሙቀቱ የወረደ ውሻ ግን ሌባ ቢመጣ ለመነሣትም ይቸገራል። ጠባቂ የሚፈልግ ሰው ጠባቂው ጠዋት በሙሉ ጉልበቱ እንዲቆም መፈለግ አለበት።

በተጨማሪ፣ ጸሐፊው በሩ ተከፍቶለት እንኳ በውጭ መተኛት የሚወድ ውሻ እንዳላቸው ይጽፋሉ። አምናቸዋለሁ። ወፍራም ፀጉር ያላቸው፣ በተለይም ለመንጋ ጥበቃ የተዳቀሉ ትላልቅ ውሾች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሞቃት ክፍል ያስጨንቃቸዋል። እንዲህ ያለውን ውሻ አስገድዶ ማስገባት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ የእርሳቸው ውሻ የመረጠው በሩ ስለተከፈተለት ነው፤ ቀዝቃዛው ነፋስ ሲነሣ ሊገባ ይችላል። የታሰረው ውሻ በውጭ ማደሩ ይህ ዓይነት ምርጫ አለመሆኑን እርሳቸውም የሚስማሙበት ይመስለኛል። ጥርጣሬ ያለበት ባለቤት ይህንኑ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ ብርዱ በሚበረታበት ምሽት ሰንሰለቱን ፈትቶ በሩን ገርበብ ያድርግና ውሻው የት ሄዶ እንደሚተኛ ይመልከት።

የቅንጦትን ክስ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1914 በጀርመን ኦበርካሰል በተባለ ቦታ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ የቡችላ አጽም ተገኝቷል፤ ዕድሜው 14,000 ዓመት ገደማ ነው። በ2018 የወጣ የጥርሶቹ ምርመራ ቡችላው በከባድ የውሻ በሽታ፣ ዲስተምፐር በሚባለው፣ ተይዞ እንደነበረና ያለ ሰው ማስታመም ለሳምንታት ሊቆይ እንደማይችል አመልክቷል። አደን ላይ ሊረዳቸው የማይችለውን የታመመ ቡችላ ያስታመሙት ሰዎች በበረዶ ዘመን መጨረሻ የኖሩ አዳኞች ናቸው። ቅንጦት አያውቁም ነበር። ብርድ ላይ ያሉ ሰዎች ይቅደሙ የሚለውንም በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ፤ ግን አንድ ኩንታል ጭድ ለውሻ መንጠፍ ከማንም ሰው ላይ ብርድ ልብስ አይገፍም።

ባለቤቱ በውሻው ላይ ሌላ ሰው አያዝዘው የሚለው ደግሞ በብዙ ቦታ በሕግም አልጸናም። የአሜሪካዋ ፔንስልቬኒያ ግዛት በ2017 ባወጣችው ሕግ አየሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ውሻን በውጭ ከ30 ደቂቃ በላይ ማሰር ተከልክሏል። ጀርመን ከ2023 ጀምሮ ውሻን አስሮ ማኖርን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አግዳለች። ሕግ በሌለበት ቦታ ያለው ጎረቤት ደግሞ ከማዘዝ ይልቅ ሊያግዝ ይችላል፤ ባለቤቱን ሳያሳፍሩ ጭድ ይዞ መሄድ፣ የውሻ ቤቱን በር ከነፋሱ ለማዞር አብሮ ማንሣት ከክርክር ይልቅ ፈጥኖ ይሠራል። ውሻው ፈዝዞና መንቀጥቀጡ ቆሞ ከተገኘ ወደ ውስጥ አስገብቶ ማድረቅ፣ ደረቱንና ሆዱን በደረቅ ልብስ መጠቅለል፣ በጨርቅ የተሸፈነ የሞቀ ውኃ ዕቃ በጎኑ ማድረግና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። በብርድ የነጣውን ጆሮ ወይም ጭራ ማሸት፣ ወደ እሳት ማስጠጋትም አይገባም፤ የደነዘዘ ሥጋ ሲቃጠል አይሰማውም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ጽሑፋቸው ብዙ አንባቢ ደርሷል፣ ከአንባቢዎቹም ብዙዎቹ የተማመኑባቸው ናቸው። አቋማቸውን ባይለውጡ እንኳ፣ የተናገሩት ወፍራም ፀጉር ስላለው፣ ስለ ጤናማ፣ በደንብ ስለሚመገብና ስላልታሰረ ውሻ መሆኑን፣ መንቀጥቀጡ የቆመ ውሻም አስቸኳይ እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ አንድ አንቀጽ በዚያው ጽሑፍ ላይ ቢጨምሩ፣ ቀጣዩ የብርድ ሌሊት ከመምጣቱ በፊት ለሚያነቡት ሰዎች ይደርስ ነበር።